ግድግዳው ምን አለ?

ሠላሳ ስምንት ዓመት ግድግዳ ሳናግር፣
የመጨረሻው ባቡር ካለፈ በኋላ በሐዲዱ ስዟዟር፣
መዶሻዬ ነበር አንደበቴም ጆሮዬም፤
ግንባሬ ላይ መብራት አለ፣ በመብራት ግን አላምንም።

ዋሻ ይዋሻል።
ፊቱን በሲሚንቶ ተለስኖ፣ ጉድፉን ቀብሮ፣
ውስጡን ለቄስ ይላል፣ ውሃ አቁሮ።
ስትመታው ግን ያወጣል፦ ጤነኛው ይጠራል እንደ ቃጭል፤
ባዶው ይታፈናል፣ ትራስ ውስጥ እንደሚያለቅስ ሰው ድምፁ ይዝላል።
አለቃችን ኢዋኩራ ከዋሻው አፍ ቆሞ፣
«ግድግዳው ምን አለ?» ይል ነበር፣ ከሰላምታ አስቀድሞ።

አሁን ዋሻው እኔ ነኝ።
ናጋኦካ፣ በጥር፤ ከጣሪያዬ በረዶ ስዝቅ፣
ደረቴን አንዳች ነገር እንደ ብሎን ሲያጠብቅ፣
አመጡኝ። ነቅቼ ተጋድሜአለሁ፤ የእጄን አንጓ ብቻ አደንዝዘው፣
ፀጉር የሚያህል ሽቦ ወደ ልቤ ሰደዱ በክንዴ አሹልከው።
ቀለሙ ሲረጭ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ወንዝ ይታያል፤
እዚህ ጋ ወገቡ ይሰልላል፣ እዚያ ተመልሶ ይሰፋል።

ዶክተር ሚናጋዋ «ይህ የወንዙ ጥላ ነው» አለችኝ፣
«ግድግዳውን ገና አላየሁትም።» ደስ አለችኝ።

ከዚያ ሌላ ነገር ላከች፤ ጫፉ እየዞረ
ጆሮ የማይሰማው ድምፅ በዙሪያው የወረወረ፣
የገደል ማሚቶውን ለቅሞ ሥዕል የሚሠራ።
«አልትራሳውንድ ነው» አለች። እኔ ግን አውቀዋለሁ፣ በሌላ ስም ስጠራ፦
መዶሻ ነው።
ከሩዝ ፍሬ የምትቀጥን መዶሻ፣ በደም ቅዳዬ እየተሳበች፣
ሚሊሜትር በሚሊሜትር ገላዬን አንኳኳች።
ክብ ሆኖ ታየ ግድግዳዬ፣ እንደ ተቆረጠ ግንድ፤
ከክቡ ሲሶው ነጭ ቅስት፣ ከቅስቱ ጀርባ ጨለማ ብቻ፣ እንደ ጉድጓድ።
«ካልሲየም» አለች። ድንጋይ ማለቷ ነው።
ሰባ አራት ዓመት ሙሉ እኔው ራሴ የካብኩት ነው።

በሚያንቀጠቅጥ ፊኛ ድንጋዩን ሰነጠቁት፤
የብረት መረብ አስገቡ፣ እንደ ዋሻ ማገር ወጠሩት።
ቀለም ተረጨ። ወንዙ ሞልቶ ፈሰሰ።
«ያምራል!» አለ አንዱ። ክፍሉ በሙሉ ተነፈሰ።
ጓንት ሲወልቅ ሰማሁ።

ያኔ ከመስታወቱ ወዲያ፣ ታማኪ የሚሉት ልጅ፣ ድምፁ የፈራ፦
«አንድ ጊዜ ደግመን ብናየው?» አለ። ሰዓቱ እኩለ ሌሊት ሊሞላ።
ማንም አልመለሰለትም።

እኔ ኩሮሳካ ዋሻ ውስጥ ነበርኩ።
ሃያ ሜትር ቀርቶኝ፣ ክንዴ ዝሎ፣ መዶሻዬን ያወረድኩ።
በመብራት ብቻ አየሁት፤ ልስልስ ነው፣ ያምራል።
«ግድግዳው ምን አለ?» «ደህና ነው ይላል።»
ፈረምኩ።
በሦስተኛው ወር የበር ያህል ቁራጭ ሐዲዱ ላይ ወደቀ፤
ባቡሩ በዚያ ቀን አራት ደቂቃ ዘግይቶ ነበር፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ሳያልቅ ዘለቀ።
በሰዓት አክባሪነቱ የሚኮራ አገር በመዘግየት ተረፈ፤
ስለ መዘግየቱ ይቅርታ ተጠየቀ፤ የእኔው ግን ሳይጠየቅ አለፈ።

«ይደገም» አልኩ ከአልጋው ላይ። የበሽተኛ ወግ አይደለም።
ሚናጋዋ ወደ እኔ ዞረች፤ አልተቆጣችም።
ጓንቷን ለወጠች።

መዶሻዋ ተመልሳ ገባች። በአንድ በኩል መረቡ ግድግዳውን አልነካውም፤
በመካከላቸው ቀጭን ጨረቃ፣ ደም የሚዞርባት፣ በራጅ የማትታይ በፍጹም።
ሰፋ ያለ ፊኛ ነፉ። ደረቴ ጮኸ፣ እኔም።
እንደገና አንኳኩ። ብረትና ሥጋ ዙሪያውን ገጥመዋል፣
ጨረቃዋ የለችም።

ጠዋት በዎርዱ መስኮት የአካፋ ድምፅ ይመጣል፤
ትኩሱን በረዶ ከደረቀው ጆሮዬ ዛሬም ይለያል።
ታማኪ ፈረቃውን ጨርሶ በኮሪደሩ ሲያልፍ፣ ጃኬቱን እየቆለፈ፣
አንገቱን ሰበር አደረገልኝ፣ አለፈ።
ስሙን እንኳ በትክክል አልጠራሁለትም።
ያቺን ሃያ ሜትር ሄደልኝ፤
እሱ አያውቅም።